የጅረቱ ዳር የእኛም ነው

ይድረስ፦ በሜሪላንድ የሞንጎመሪና የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ፓርኮችን ለምታስተዳድሩ ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በታኮማ ፓርክ፣ በዊተን፣ በላንግሊ ፓርክና በአካባቢው ለምትኖሩ ሐበሾች በሙሉ
ጉዳዩ፦ የጅረት ዳር ፓርኮች ደንብና የውኃ አደጋ ማስጠንቀቂያ በአማርኛም እንዲነገረን ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፤

ሌሊት ነፋስና ዝናብ ሲመታ አድሮ በእግረኛ መንገድ ላይ የወደቀውን ግንድ በማለዳ ቆርጠው የሚያነሡት፣ የልጆች መጫወቻውን የሚጠግኑት፣ ሰኞ ጠዋት የሞላውን ቆሻሻ የሚያራግፉት ሰዎች የእናንተ ሠራተኞች ናቸው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ፓርኮቹን ስለምወዳቸው ነው። ለሕዝብ ግልጽ ያደረግሁትም ጉዳዩ በአንድ ቢሮ ብቻ የሚያልቅ ስላልሆነና የገዛ ወገኖቼም እንዲያነቡት ስለምፈልግ ነው።

ሐሳቤን በአጭሩ ላስቀምጥ። በየሰፈራችን የሚያልፉት ጅረቶችና በዳርቻቸው የተዘረጉት ትንንሽ ፓርኮች ለሐበሻው ማኅበረሰብ ከማንኛውም ዝነኛ መናፈሻ የበለጠ ይጠቅማሉ። ስለዚህ ደንባቸውም አደጋቸውም በደንብ በምንረዳው ቋንቋ ይነገረን፤ እኛም በበኩላችን እንደ ባለቤት እንጠብቃቸው።

ከአገር ቤት ዘመድ ሲመጣ አብዛኞቻችን መኪና አስነሥተን የምንወስደው ወደ ግሬት ፎልስ ወይም በዋሽንግተን ወዳሉት ሐውልቶች ነው። መልካም ነው፤ ይዩ። ነገር ግን በዓመት አንዴ የሚታይ ቦታ የዕለት ኑሮን አይለውጥም። የዕለት ኑሮን የሚለውጠው በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው። ስላይጎ ክሪክን እንውሰድ። ከኬምፕ ሚል አካባቢ ተነሥቶ በሲልቨር ስፕሪንግና በታኮማ ፓርክ ሰፈሮች መካከል እየተጠማዘዘ ይወርድና ሃያትስቪል ላይ ከኖርዝዌስት ብራንች ጋር ይቀላቀላል። ኖርዝዌስት ብራንችም ብላደንስበርግ ላይ ከኖርዝኢስት ብራንች ጋር ተገናኝቶ አናኮስቲያ ይባላል፤ አናኮስቲያ ወደ ፖቶማክ፣ ፖቶማክም ወደ ቼሳፒክ ሰላጤ ይገባል። በስላይጎ ዳር ዳር አስፋልት የለበሰ የእግርና የብስክሌት መንገድ አለ። መንገዱን ተከትሎ የሽርሽር ጠረጴዛ፣ የሥጋ መጥበሻ፣ የልጆች መጫወቻ፣ የኳስ ሜዳ ይገኛል። ከ2020 የኮሮና ወራት ጀምሮ ደግሞ የስላይጎ ክሪክ ፓርክዌይ የተወሰነው ክፍል በሳምንቱ መጨረሻ ለመኪና እየተዘጋ ለእግረኛና ለሕፃናት ይለቀቃል። (በዚህ ደብዳቤ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መኪና የሌለውም አይቀርበትም፤ የሞንጎመሪ ካውንቲው ራይድ ኦን አውቶቡስ ከ2025 ጁን መጨረሻ ጀምሮ ያለ ክፍያ ያሳፍራል።

የእነዚህን ቦታዎች ጥቅም ከማንም በላይ የሚያውቁት የልጅ ልጅ ለመያዝ ከአገር ቤት የመጡ እናቶቻችን ናቸው። ልጆቻቸው ገና ሳይነጋ ወደ ሥራ ይወጣሉ። እናት ቋንቋው አይገባቸውም፣ መኪና አይነዱም፤ ጎረቤቱም በሩን ዘግቶ የሚውል ነው። አፓርታማ ውስጥ ሲውሉ ጉልበታቸው ይታሰራል፣ ሆዳቸውም ይባባል። በግንቦት ማለዳ በስላይጎ መንገድ ላይ የተራመደ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። ነጠላቸውን አጣፍተው ስኒከር የተጫሙ ሁለት እናቶች የሕፃን ጋሪ እየገፉ በቀስታ ይሄዳሉ። የእግረኛው ድልድይ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ከሥራቸው ውኃው በድንጋዮች መካከል እየተንሿሿ ይወርዳል፤ ግራጫ ላባ ያለው እግረ ረጅም ወፍ ሳይነቃነቅ ቆሞ ዓሣ ይጠብቃል። አንደኛዋ ሕፃኑን ከጋሪው አንሥተው ወፉን ያሳዩታል፤ ውኃውን፣ ድንጋዩን፣ ቅጠሉን በአማርኛ እየጠሩ ያስተምሩታል። ቅዳሜ በአማርኛ ትምህርት ቤት በወረቀት የሚማረውን ይህ ልጅ እዚህ በዓይኑ እያየ ይለምደዋል። እነዚያ እናቶችም ወደ ቤት ሲመለሱ ሌላ ሰው ናቸው።

ቅዳሜና እሁድ ሲደርስ ደግሞ ልደቱ፣ ምርቃቱ፣ የክርስትና ግብዣው፣ የማኅበሩና የዕድሩ ስብሰባ አለ። ለአዳራሽ ኪራይ የሚከፈለው ገንዘብ ለታክሲ ሾፌሩም፣ በነርሲንግ ሆም ለምትሠራውም፣ ለጋራዥ ሠራተኛውም ከባድ ነው። ጣሪያ ያለው የፓርክ መጠለያ ግን በመጠነኛ ክፍያ ይያዛል። እንጀራው በመሶብ፣ ወጡ በድስት ይመጣል፤ ልጆች ሲሯሯጡ አዋቂዎች ተቀምጠው ያወራሉ። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከደሴ፣ ከጅማ፣ ከአሥመራ የመጣው ሰው በሥራ ብዛት ተለያይቶ ከርሞ የሚገናኘው እዚህ ነው።

ክቡራን ሆይ፤ እነዚህ ፓርኮች እንዲሁ እንዳልተገኙ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ወገኖቼም ቢያውቁት ጥሩ ነው። የሁለቱን ካውንቲዎች ፓርኮች የሚይዘው ኮሚሽን የተቋቋመው በ1927 ነው። በ1930 ደግሞ ኮንግረስ በሴናተር አርተር ካፐርና በእንደራሴው ሉዊስ ክራምተን ስም የሚጠራውን ሕግ አውጥቶ በዋና ከተማዋ ዙሪያ ያሉት የጅረት ሸለቆዎች ቤት ሳይሠራባቸው ለፓርክ እንዲገዙ የፌዴራል ገንዘብ መደበ። ያ ውሳኔ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምንራመድበት ዳርቻ የግል ጓሮ በሆነ ነበር። ታሪኩ ሌላም ገጽ አለው። በዚያው ዘመን በሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ሰፈሮች የቤት ሽያጭ ውሎች ውስጥ ቤቱ ለጥቁር እንዳይሸጥ ወይም እንዳይከራይ የሚከለክል አንቀጽ ይገባ ነበር። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙ የወሰነው በ1948 ሲሆን፣ በቤት ሽያጭና ኪራይ ላይ የዘር መድልዎን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1968 ነው። መሬቱ ሲገዛ እንደ እኛ ያለ ቆዳ ያለው ሰው በአጠገቡ ቤት እንዲይዝ አይፈለግም ነበር። ዛሬ በዚያው ዳር በነፃነት የምንቀመጠው ጥቁር አሜሪካውያን ታግለው በከፈቱት በር ገብተን ነው። ይህን ማወቅ ከቦታው ጋር ያለንን ዝምድና ያጠነክረዋል፤ ኃላፊነታችንንም ያከብደዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዬ ልግባ፤ እሱም የውኃው ነገር ነው።

ስላይጎም ሆነ ኖርዝዌስት ብራንች በደረቅ ቀን ሲታዩ ቁርጭምጭሚት የማይሸፍኑ፣ ጠጠራቸው የሚቆጠር ለስላሳ ጅረቶች ናቸው። እናት ልጇን ጫማውን አውልቃ ብታስገባው አይፈረድባትም። ነገር ግን አካባቢው ሁሉ አስፋልትና ጣሪያ ነው። የዝናቡ ውኃ ወደ መሬት የሚሰርግበት ቦታ ስለሚያጣ በቦይና በቱቦ በቀጥታ ወደ ጅረቱ ይገባል። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዳማ ዝናብ ሲወርድ ጅረቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቡናማ ሆኖ ይሞላል፤ ዝናቡ የጣለው ከላይ ሆኖ እኛ የተቀመጥንበት ገና ፀሐይ ሊሆንም ይችላል። የሀገሪቱ የአየር ሁኔታ አገልግሎት እንደሚያስጠነቅቀው 6 ኢንች፣ ማለትም 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ፈጣን ጎርፍ አዋቂ ሰውን ሊጥል ይችላል። እኛ ደራሽ ውኃን ከአገራችን እናውቀዋለን፤ ከብት ሲወስድ፣ ሰው ሲወስድ ሰምተን አድገናል። ያንኑ ደራሽ በከተማ መካከል፣ ከልጆች መጫወቻ አጠገብ ግን አንጠብቀውም።

ሁለተኛው አደጋ በዓይን አይታይም። ከባድ ዝናብ የውሻ ኩሱን፣ የመንገድ ዘይቱን፣ አንዳንዴም የተሰበረ የፍሳሽ ቱቦ ይዘትን ጠርጎ ወደ ጅረቱ ያወርዳል። ከከባድ ዝናብ በኋላ ቢያንስ ለ48 ሰዓት ከእንዲህ ያለ ውኃ መራቅ እንደሚገባ የሜሪላንድ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይመክራል። ይህን ምክር አንድ እናት ብታውቀው ልጇን በማግስቱ ውኃ ውስጥ አታስገባም ነበር።

ሦስተኛው ትልቁ ወንዝ ነው። ፖቶማክ በግሬት ፎልስ አካባቢ ከአንድ ማይል ባነሰ ርቀት ውስጥ 76 ጫማ ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ከፏፏቴው በታች ባለው ጠባብ ገደል ላይ ላዩ የረጋ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ጎትቶ የሚያስቀር ኃይለኛ ጅረት አለ። በዚያ መዋኘት ብቻ ሳይሆን እግርን ነክሮ መራመድም የተከለከለው ለዚህ ነው። ከቤታችን ቅርብ የሆነው ኖርዝዌስት ብራንችም ከኮልስቪል ጎዳና በታች በርንት ሚልስ ላይ በትላልቅ ቋጥኞች መካከል ይወርዳል፤ ድንጋዩ ሲረጥብ እግር አይጸናበትም። ከደጋ አገር የመጣነው ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር አድገናል። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ደግሞ ውኃ ማለት ጠባቂ የተቀመጠበት የመዋኛ ገንዳ ይመስላቸዋል። ልጁ ሲገባ አባት ተከትሎ ይገባል፤ ዋና የማይችል አባት ዋና የማይችል ልጁን ለማውጣት ሲል የሚሆነውን መገመት አያዳግትም።

ለዚህ ነው ማስጠንቀቂያው በአማርኛም ይጻፍልን የምለው። ረጅም ጽሑፍ አያስፈልግም። ከሥዕሉ ጎን እንዲህ ቢባል ይበቃል፦ «መዋኘት ክልክል ነው። ዝናብ ሲዘንብና ከዘነበ በኋላ ለ48 ሰዓት ወደ ውኃው አይግቡ። ውኃው በድንገት ይሞላል። አደጋ ሲደርስ 911 ይደውሉ፤ የዚህ ቦታ ስም ይህ ነው።» የቦታው ስም በአማርኛ ፊደልም በእንግሊዝኛም ቢጻፍ ደዋዩ የት እንዳለ ሲጠየቅ አይደናገርም። አደራ የምለው አንድ ነገር አለ፤ ጽሑፉን አማርኛ አቀላጥፎ የሚያነብ ሰው አይቶ ያጽድቀው። በማሽን ብቻ የተተረጎመ አማርኛ ፊደሉ ተበታትኖ፣ ትርጉሙ ተገልብጦ ሲወጣ አንባቢው ማስጠንቀቂያውን ችላ ይለዋል።

ጥያቄው እንግዳ አይደለም። የሞንጎመሪ ካውንቲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚልኳቸውን መልእክቶች በአማርኛ ያወጣሉ። ጎረቤታችን ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛን ከሚያስተናግዳቸው ቋንቋዎች መካከል አድርጓል። የትምህርት ቤት ደብዳቤ በአማርኛ ማንበብ የለመደ ወላጅ በጅረቱ ዳር ያለውንም ቢያነብ ሥራችሁ ይቀላል።

ሌላው የሚያደናግረን የባለቤትነቱ ነገር ነው። ሮክ ክሪክ አንድ ወንዝ ነው፤ በሞንጎመሪ በኩል ያለው ፓርክ የኮሚሽኑ ሲሆን ዲሲ ውስጥ ያለው የፌዴራሉ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። ሴኔካ ክሪክ ከፖቶማክ የሚገናኝበት፣ ጀልባ የሚወርድበትና ቀዩ የድንጋይ ድልድይ ያለበት ራይሊስ ሎክም የፌዴራል መሬት ነው። የመዋኛ ገንዳዎችና የዋና ትምህርት ደግሞ በሞንጎመሪ በሌላ መሥሪያ ቤት፣ በካውንቲው የመዝናኛ መምሪያ ሥር ናቸው። ለእናንተ ይህ ግልጽ ነው። መጠለያ ሊከራይ ለፈለገ አባወራ ግን ዛፉም ውኃውም አንድ ዓይነት ነው፤ ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም። የትኛው ቦታ የማን እንደሆነ፣ ፈቃድ የት እንደሚጠየቅ የሚያሳይ አንድ ገጽ ካርታ በአማርኛ ቢዘጋጅ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱ፣ በየሐበሻ ሱቁና ምግብ ቤቱ በር ላይ ለመለጠፍ ፈቃደኛ ሰው አይጠፋም።

ስለ ቡናም ልጠይቅ። ለእኛ ሰው ተሰብስቦ ቡና ካልተፈላ ስብሰባው አልተሟላም። ቡና ደግሞ ጀበና፣ ከሰል፣ ዕጣን አለበት። የፓርክ እሳት በተዘጋጀለት መጥበሻ ውስጥ መሆን እንዳለበትና ትኩስ አመድ ዛፍ ሥር መድፋት እንደማይገባ እንረዳለን። ነገር ግን ትንሿ የከሰል ምድጃ ወይም ቡታጋዝ በመጠለያው ጠረጴዛ ላይ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? የሚፈቀድ ከሆነ በምን ዓይነት ጥንቃቄ? መልሱ «አይፈቀድም» ቢሆን እንኳ በግልጽ ይነገረን፤ ቡናውን በቴርሞስ ይዘን እንመጣለን። ያለ ፈቃድ አልኮል ይዞ መግባት ክልክል መሆኑም እንደዚሁ በማያሻማ አማርኛ ይጻፍ። ደንብ ተጽፎ ሲነበብ ጠብ ይቀራል።

እንግዲህ የምጠይቀው እነዚህን አራት ነገሮች ነው፦

1ኛ. ሰው ወደ ውኃው በሚወርድባቸው ቦታዎች ሁሉ፣ በተለይም በመጠለያና በልጆች መጫወቻ አቅራቢያ፣ አጭር የአማርኛ ማስጠንቀቂያ ከሥዕል ጋር ይቁም።

2ኛ. የመጠለያ ኪራይ ቅጽና የእሳት፣ የአልኮል፣ የድምፅ ማጉያ፣ የመኪና ማቆሚያ ደንብ በአንድ ገጽ በአማርኛ ይውጣ፤ በስልክ ለሚጠይቁም አስተርጓሚ ይገናኝላቸው።

3ኛ. ከመዝናኛ መምሪያዎቹ ጋር ተነጋግራችሁ ለአዋቂዎችና ለእናቶች የሚሆን የጀማሪዎች የዋና ትምህርት በአማርኛ ይተዋወቅ። ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓት ቢኖር ሙስሊም እህቶቻችንም ይማራሉ።

4ኛ. ስለ ጅረቶቹ አራዊት፣ ዕፅዋትና ታሪክ በአማርኛ የሚያስረዳ የተመራ ጉዞ ለአረጋውያንና ለልጆች ይዘጋጅ። ይህን በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ መምህራን በመካከላችን አሉ።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ፣ ወደ ወገኖቼ ልመለስ። መጠየቅ ብቻውን አያስከብርም።

ከዝናብ በኋላ የስላይጎን ዳር ዛፎች ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ጎርፉ የደረሰበትን ከፍታ የሚያሳየው በየቅርንጫፉ የተንጠለጠለው ፌስታል ነው። በሥሮቻቸው መካከል የውኃ ጠርሙስ፣ የቢራ ጣሳ፣ የልጅ ኳስ ተወትፏል። ይህ ሁሉ ወደ አናኮስቲያ ይወርዳል። አናኮስቲያ በቆሻሻ ብዛት የተነሣ በ2010 በፌዴራሉ የንጹሕ ውኃ ሕግ መሠረት የቆሻሻ ገደብ የተጣለበት ወንዝ ነው። ሞንጎመሪ ካውንቲ በ2012 በፌስታል ላይ 5 ሳንቲም ማስከፈል መጀመሩ፣ ከ2016 ጀምሮም ምግብ ቤቶች በፎም ዕቃ እንዳያቀርቡ መከልከሉ ለዚህ ነበር። ስለዚህ ለድግስ ስንወጣ የፎም ሳህን አንግዛ። የራሳችንን የቆሻሻ ከረጢት ይዘን እንሂድ፤ መጣያው ከሞላ አጠገቡ ከምረን አንሂድ፣ ወደ ቤት እንመልሰው። ዘይትና የወጥ ትራፊ ወደ ጅረቱ አይደፋ። ድምፅ ማጉያውም ጎረቤት እስኪያማርር አይጩህ።

ዓሣ ማጥመድ የምትወዱ፣ በሜሪላንድ ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ፈቃድ ማውጣት አለበት። ልጆቻችሁን ማስጀመር ከፈለጋችሁ ግን የጁን ወር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎችና ጁላይ 4 ያለ ፈቃድ ማጥመድ የሚቻልባቸው ቀኖች ናቸው። ከሣርና ከቁጥቋጦ ስትወጡ የልጆችን እግርና የጆሮ ሥር ለመዥገር ፈትሹ፤ ላይም የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው እሷ ናት። ሦስት ሦስት ሆኖ የሚበቅል ቅጠል ያለውን መርዛማ ሐረግም አትንኩ፤ ቆዳ ያቆስላል። ታንኳ መቅዘፍ የሚያምራችሁ በብላደንስበርግ የውኃ ዳር ፓርክ ወይም በሮክ ክሪክ ሪጅናል ፓርክ በሚገኘው በኒድውድ ሐይቅ ሕይወት አድን ጃኬት ለብሳችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ኒድውድ ላይ መዋኘት ግን ክልክል ነው።

ከዚህም አልፈን እጃችንን እንዘርጋ። የስላይጎ ክሪክ ወዳጆች የተባለው የነዋሪዎች ማኅበር በጸደይና በመኸር ጅረቱን ለማጽዳት ሕዝብ ይጠራል። የሞንጎመሪ ፓርኮች ደግሞ ከ1999 ጀምሮ ወራሪ አረሞችን የሚነቅሉ በጎ ፈቃደኞችን ያሠለጥናሉ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያሉ ልጆቻችን ለመመረቅ የሚያስፈልጋቸውን የማኅበረሰብ አገልግሎት ሰዓት እዚያው ሰፈራቸው ውስጥ መሙላት ይችላሉ። በአገራችን ደቦ ማለት ይኸው አይደለም ወይ? አንድ ዕድር፣ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት፣ አንድ የመስጊድ ጀመዓ፣ አንድ የእግር ኳስ ቡድን የአንድን ጅረት ግማሽ ማይል በኃላፊነት ቢረከብ ስማችን ከቦታው ጋር በመልካም ይነሣል። በጽዳቱ ቀን የምንገናኛቸው ጎረቤቶች የኤልሳልቫዶር፣ የቬትናም፣ የጥቁርና የነጭ አሜሪካ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ጋር ጓንት አጥልቆ መሥራት በሊፍት ውስጥ ሰላምታ ከመለዋወጥ የበለጠ ያቀራርባል።

ክቡራን ኃላፊዎች፤ የጠየቅሁት ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ግንባታ አይደለም። ጥቂት መስመር ጽሑፍ፣ አንድ ገጽ ደንብ፣ የጥቂት መሥሪያ ቤቶች ንግግርና የሕዝቡ በጎ ፈቃድ ናቸው። በመጪው የበጋ ሙቀት ወቅት ቤተሰቦች ወደ ውኃው ከመውረዳቸው በፊት ከመጀመሪያው ጥያቄ ብትጀምሩ ሕይወት ታድናላችሁ። የአማርኛውን ጽሑፍ በማዘጋጀትና በማረም በኩል እኔም ሆንኩ ሌሎች ሙያው ያለን ወገኖች ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነን። መልሳችሁን እንጠብቃለን።

ወገኖቼ፤ እናንተም መልሱን ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት በቤታችሁ አቅራቢያ ያለውን ጅረት ስሙን ጠይቁ፣ እናታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ልጆቻችሁን ዋና አስመዝግቡ፣ በስብሰባ ሕዝብ ሐሳብ ሲጠየቅ ተገኝታችሁ ተናገሩ። የሕዝብ መሬት ባለቤቱ የሚመጣበትና የሚንከባከበው ሕዝብ ነው።


የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ